ደሙ ዛሬ፣ ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ፦ የካምፓላው የምርመራ ማዕከል

በ1980ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ውስጥ ኤች አይ ቪ በደሙ መኖር አለመኖሩን ማወቅ የፈለገ ጤነኛ ሰው የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። ሆስፒታሉ የሚመረምረው የታመመውን ነው። ስለዚህ ሰው ዘዴ ፈጠረ፤ ናካሴሮ ደም ባንክ ሄዶ ደም መለገስ። ደም ባንኩ የተለገሰውን ሁሉ ስለሚመረምር፣ ክንዱን የዘረጋ ሰው ቆይቶ ውጤቱን መጠየቅ ይችላል።

ለደም ባንክ ግን ከዚህ የከፋ ለጋሽ የለም። የያኔው ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ በደም ውስጥ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል። ባለሙያዎች "ዊንዶ ፔሬድ" የሚሉት ይህን ጊዜ ነው። ባለፈው ወር በሆነ ነገር ደንግጦ የመጣ ለጋሽ ቫይረሱ በደሙ እያለ ምርመራው "የለም" ሊለው፣ ደሙም አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ራሱን የጠረጠረ ሰው ከደም ባንክ ደጃፍ እንዲርቅ ከተፈለገ ሌላ ደጃፍ ሊከፈትለት ይገባል። በየካቲት 1990 ካምፓላ ውስጥ ሥራ የጀመረው ኤድስ ኢንፎርሜሽን ሴንተር (በአጭሩ ኤ.አይ.ሲ.) ያ ደጃፍ ሆነ። ስም ሳይጠይቅ በፈቃደኝነት የምክርና የምርመራ አገልግሎት በመስጠት ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ቀዳሚው ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጂንጃ፣ በምባሌና በምባራራ ቅርንጫፎች ከፈተ።

ከተማዋ ያኔ የነበረችበትን ሁኔታ ሳያስቡ የማዕከሉን አሠራር መፍረድ ይከብዳል። በሽታው በራካይ አውራጃ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለችው የካሴንሴሮ የዓሣ አጥማጆች መንደር ከ1982 ጀምሮ ሲታወቅ ሕዝቡ የሰውነትን መክሳት አይቶ "ስሊም" አለው፤ በሉጋንዳ አፍ "ሲሊሙ" ሆኖ ቀረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በከተማ ሆስፒታሎች ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡት 100 እናቶች 30 ገደማ የሚሆኑት ቫይረሱ በደማቸው ነበር። ዝነኛው ዘፋኝ ፊሊ ሉታያ በ1989 ሕመሙን በአደባባይ ተናግሮ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሞተ። መድኃኒት የለም። እንግዲህ "ማወቁ ምን ይጠቅማል?" የሚለው ጥያቄ የሰነፍ ጥያቄ አልነበረም። ሰዎች ግን መጡ፤ ሊጋቡ ሲሉ፣ ሌላ ልጅ ለመውለድ ሲያስቡ፣ የትዳር ጓደኛ ሲሞት፣ ወይም በየሌሊቱ እንቅልፍ ከሚነሳ ጥርጣሬ ለመገላገል። ማዕከሉ ተገልጋይ አጥቶ አያውቅም። ችግሩ ከሌላ በኩል መጣ።

አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። ሰው ሲመጣ ስሙ አይጠየቅም፤ ቁጥር ይሰጠዋል። ያ ቁጥር በካርዱ ላይ፣ በመዝገቡ ላይና ደሙ በሚቀዳበት ብልቃጥ ላይ ይጻፋል። ከአማካሪ ጋር ለብቻው ተቀምጦ ለምን እንደመጣ፣ ለምን እንደሚሰጋ፣ ውጤቱን ቢሰማ ምን እንደሚያደርግ ይነጋገራል። ከዚያ ከክንዱ ደም ሥር ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳና "ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርድህን ይዘህ ና" ይባላል።

ሁለት ሳምንቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ኤላይዛ የሚባለው ምርመራ የሚሠራው 96 ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ነው። ለ5 ሰው ብቻ ሳህኑን መክፈት ኬሚካሉን ማባከን ስለሆነ ላብራቶሪው ናሙና እስኪጠራቀም ይጠብቃል። ደሙ ተሽከርክሮ ሴረሙ (ከቀዩ ክፍል የሚለየው ንጹሕ ፈሳሽ) ይለያል፣ ከመቆጣጠሪያ ናሙናዎች ጋር ይሠራል፣ ፖዘቲቭ ያሳየው ደግሞ በሌላ ዓይነት ምርመራ ይደገማል፣ ከዚያ ውጤቱ ተጽፎ ወደ ማዕከሉ ይመለሳል። መብራት ሲጠፋ ወይም ኬሚካል ሲዘገይ ቀኑ ይገፋል።

በዚህ መሃል ከአራት ተገልጋይ አንዱ ገደማ ሳይመለስ ቀረ። ደሙን ሰጥቶ፣ ምክሩን ሰምቶ፣ ውጤቱን ሳይወስድ።

ይህን ቁጥር በገንዘብ ማስላት ጠቃሚ ነው፤ በጀት የሚይዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። 100 ሰው ተመርምሮ 75ቱ ብቻ ውጤቱን ከወሰደ፣ ለአንድ ለደረሰ ውጤት የወጣው ገንዘብ መጀመሪያ ከታሰበው በሲሶ ይበልጣል። ኤላይዛ በነፍስ ወከፍ ሲታይ ርካሽ ነው፤ ባለቤቱ እጅ በደረሰ ውጤት ሲቆጠር ግን ርካሽነቱ ይሳሳል። ከገንዘቡ የሚብሰው ደግሞ የቀሩት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ሁለተኛ የታክሲ ሂሳብ ያጣ፣ ሁለተኛ ቀን ከገበያ ቢቀር የዕለት ጉርሱን የሚያጣ፣ ባሏን አንዴ ዋሽታ ወጥታ ሁለተኛ ሰበብ ያጣች ሴት፣ እና በሁለት ሳምንቱ ውስጥ ፍርሃቱ የበረታበት። አገልግሎቱ በጣም የሚያስፈልጋቸው እነዚህ ናቸው።

ስም አለመያዙም የራሱ ጣጣ ነበረው። ካርዱ የጠፋበት ሰው ውጤቱም ጠፋ፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ያልተመለሰውን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ቁጥር ቤት የለውም። ካርዱን ያገኘ ሌላ ሰው መጥቶ ውጤት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አሠራር አማካሪው ውጤቱን ከመናገሩ በፊት በመዝገቡ ከሰፈረው ዕድሜና ከመጀመሪያው ቀን ጨዋታ አንድ ሁለት ነገር ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት። ሊጋቡ ለመጡም ቁጥር ብቻ የያዘ ወረቀት ምስክር አይሆንም፤ የማን እንደሆነ አይናገርምና። አዲስ አበባ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ ማስረጃ አምጡ ሲሉ የሚፈልጉት ስም ያለበትን ወረቀት ነው። ስም የማይጠይቅ ማዕከልና ስም የሚጠይቅ ቤተ ክርስቲያን መሃል የሚቆመው አማካሪው ነው። የሚሻለው መፍትሔ ጥንዶቹን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ውጤቱን አንዱ በሌላው ፊት እንዲሰማ ማድረግ ነው፤ ወረቀት ሊጭበረበር ይችላል፣ ጆሮ የሰማው ግን አይጭበረበርም።

ለውጡ የመጣው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት ፈጣን ምርመራዎቹ ከኤላይዛ ጋር ጎን ለጎን ተፈትሸው ነበር። ካፒለስ፣ ሴሮካርድና መልቲስፖት የተባሉ ሦስት ዓይነት ኪቶች (የተሰናዱ የምርመራ ዕቃዎች) በተራ ተሰለፉ። መጀመሪያ ካፒለስ፤ እሱ "የለም" ካለ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው፣ ያልቃል። "አለ" ካለ በሴሮካርድ ይደገማል። ሁለቱ ከተስማሙ ፖዘቲቭ፤ ካልተስማሙ መልቲስፖት ይዳኛል። ካፒለስ የሚታየው ጥቃቅን የላቴክስ ቅንጣቶች በቀጭን መስመር ሲፈስሱ እየተጓጎሉ ሲመጡ ነው፤ ደቂቃዎች ቢበቁትም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ይፈልጋል። መብራት የሚቆራረጥበት ማዕከል ይህን ሳያስብ ኪት ማዘዝ የለበትም። የሁለት ሳምንቱ ቀጠሮ ቀረ፤ ጠዋት የመጣ ሰው ውጤቱን ሰምቶ ይሄዳል። ከአራት አንድ ሰው የሚያስቀረው ክፍተትም በዚያው ተዘጋ።

ሁለት ሳምንቱ ግን ዝም ብሎ አልጠፋም፤ ክብደቱ ወደ አማካሪው ክፍል ገባ። በፊት ተገልጋዩ ቤቱ ሄዶ አስቦ፣ ራሱን አዘጋጅቶ ይመለሳል፤ ሊሰማ ያልቻለም ይቀራል። አሁን "ልወቅ?" ብሎ የገባ ሰው ከሰዓት በኋላ አውቆ ይወጣል። ስለዚህ ቅድመ ምርመራው ንግግር ስለ ቫይረሱ ትምህርት መስጠቱን ቀንሶ ስለ ዛሬ ማታ መጠየቅ አለበት፦ "ቫይረሱ በደምህ አለ ቢባል ዛሬ የት ታድራለህ? እቤት ማን አለ? ለማን ትነግራለህ? ከዚህ በፊት ሕይወትህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ለነዚህ መልስ የሌለው ሰው ለዛሬ ደም እንዲሰጥ አይገፋም፤ ነገ ተመልሶ መምጣት ይችላል። "በፈቃደኝነት" የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፣ ማለትም ከክፍሉ ሳይመረመሩ መውጣት ሲቻል።

ውጤት ሲነገር ረጅም መግቢያ አይረዳም። የአማካሪው ፊት ከቃሉ ቀድሞ ይነበባልና። ቁጥሩ ከካርዱ ጋር ይመሳከራል፣ "ውጤትህን ለመስማት ዝግጁ ነህ?" ይባላል፣ ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር "የምርመራው ውጤት ቫይረሱ በደምህ እንዳለ ያሳያል" ይባልና ዝም ይባላል። አዲስ አማካሪዎች የሚሳሳቱት በዝምታው ነው። ጭንቁን መቋቋም ስለሚያቅታቸው ስለ ምግብና ስለ ኮንዶም ማስረዳት ይጀምራሉ፤ ሰውየው አንዱንም አይሰማም።

ሌላ ብዙ ማዕከሎች የሚስቱት ነገር አለ። ሁሉም ሰው ውጤቱን በአንድ ቀን ሲወስድ በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ያለው ሁሉ ሰዓት ቆጣሪ ይሆናል። በ5 ደቂቃ የወጣ "ነፃ ነው"፣ 40 ደቂቃ የቆየ ደግሞ "አለበት" ይባላል። ምስጢሩን ማንም ሳይናገር በሩ ራሱ ተናገረ ማለት ነው። መድኃኒቱ ኔጌቲቭ ለሆነውም ሙሉ ጊዜ መስጠት ነው፤ በእርግጥም ያስፈልገዋል። የዊንዶ ፔሬድ ጉዳይ፣ ተመልሶ የሚመረመርበት ቀን፣ "ዛሬ ነፃ ነህ ማለት ባለቤትህ ነፃ ናት ማለት አይደለም" የሚለው፣ ሁሉም ጊዜ ይወስዳሉ። መግቢያና መውጫ በሩ የተለያየ ክፍል ማግኘት ከተቻለ ደግሞ ነገሩ ይቀላል።

ወደ ላብራቶሪው ጠረጴዛ እንመለስ። በኋለኞቹ ዓመታት ዩጋንዳ በፍሪጅ ላይ የማይመኩ የወረቀት ኪቶችን ያዘች፦ ለማጣሪያ ዲተርሚን፣ ለማረጋገጫ ስታት-ፓክ፣ ለዳኝነት ዩኒ-ጎልድ። በእኛም ጤና ጣቢያዎች ለዓመታት ኬኤችቢ፣ ስታት-ፓክና ዩኒ-ጎልድ በዚህ ተራ ሲሠራባቸው ስለነበር ስሞቹ ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ስህተቱም የሚመጣው ቀላል ስለሚመስል ነው።

ዲተርሚን 50 ማይክሮ ሊትር፣ አንድ ሙሉ ጠብታ ያህል ደም ይፈልጋል። ደሙ ወረቀቱ ውስጥ እስኪሰርግ ተጠብቆ አንድ ጠብታ በፈር (ከኪቱ ጋር የሚመጣ፣ ደሙን በወረቀቱ ላይ የሚያስኬድ ፈሳሽ) ይጨመርበታል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይነበባል፣ እስከ 60 ደቂቃም ይቆያል። ስታት-ፓክ ግን 5 ማይክሮ ሊትር ብቻ ነው የሚፈልገው፣ የጠብታ አንድ አሥረኛ፤ በትንሿ ቀለበት መሰል ማንሻ ተነስቶ ጉድጓዱ ላይ ቀጥ ብሎ ይነካል፣ በፈሩም 3 ጠብታ ነው። ዲተርሚንን የለመደ እጅ ስታት-ፓክ ላይ ደም ሲያበዛ ወረቀቱ ቀልቶ መስመሩ አይለይም። የአንዱን በፈር ለሌላው መጠቀምም የተለመደ ጥፋት ነው፤ አንዱ ጠርሙስ ቀድሞ ስለሚያልቅ ባለሙያው ከጎረቤት ኪት ይበደራል። ይህ በፍጹም አይሆንም፤ እያንዳንዱ በፈር የተሰናዳው ለገዛ ኪቱ ነው። ጣቱ በአልኮል ተጠርጎ ሳይደርቅ ሲወጋ፣ የመጀመሪያው ጠብታ በደረቅ ፋሻ ሳይጠረግ ሲወሰድ፣ በ15 ደቂቃ ፈንታ በ5 ደቂቃ ሲነበብ፣ ሁሉም ውጤት ያበላሻል። ከሁሉ የከፋው ግን ቁጥሩን በወረቀቱ ላይ ሳይጽፉ አራት አምስት ሰው በአንድ ትሪ ላይ መደርደር ነው። ደም ከመነካቱ በፊት ቁጥር ይጻፋል፤ ስልክ የጠራ እንደሆነ ስልኩ ይጠብቃል።

ደብዛዛ መስመር የራሱ ታሪክ አለው። የኪቱ መመሪያ "መስመር ከታየ፣ ደብዛዛም ቢሆን ሪአክቲቭ ነው" ይላል፤ ኪቱ "አለ" ብሏል ማለት ነው። በራካይ ተሠርቶ በ2007 የታተመ ጥናት ይህን መመሪያ ከዲተርሚን፣ ስታት-ፓክና ዩኒ-ጎልድ ተራ ጋር ሲፈትሸው በፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ ከተባሉት 100 ሰዎች በእርግጥ ፖዘቲቭ የነበሩት 74ቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። ደብዛዛ መስመር ያሳዩት ከስሌቱ ሲቀነሱ ቁጥሩ ወደ 98 ከፍ አለ። ስለዚህ ደብዛዛ መስመር ያየ ባለሙያ ወረቀቱን በመስኮት ብርሃን ለሁለተኛ ሰው ያሳያል፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ይጽፋሉ፣ ካልተስማሙ ከአዲስ ደም ይደገማል። አሁንም ካልጠራ ተገልጋዩ "ዛሬ ቁርጥ ያለ ውጤት የለም፣ ከ14 ቀን በኋላ ተመለስ" ይባላል። አማካሪዎች ይህን ሲናገሩ አፋቸው ይያዛል፤ የአሮጌው የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ለጥቂት ሰዎች ተመልሶ መጣ ማለት ነውና። ግን በግምት ፖዘቲቭ ከማለት ይሻላል።

የስሌቱን ነገር አንዴ በቁጥር ማየት ይበጃል። አንድ ኪት ጤነኛውን በመቶ 99 ጊዜ ትክክል "የለም" ይላል እንበል። ከ1000 ሰው 300ው ቫይረሱ ባለበት በያኔዋ ካምፓላ ከቀሩት 700 ጤነኞች 7ቱ በስህተት "አለ" ይባላሉ፤ ከ307 ፖዘቲቭ 7 ስህተት። ከ1000 ሰው 10 ብቻ ቫይረሱ ባለበት ግን ከ990 ጤነኞች 10 ያህሉ በስህተት "አለ" ይባላሉ፤ ከ20 ፖዘቲቭ ግማሹ ስህተት። ኪቱ ያው ነው፣ እጁም ያው ነው። የተለወጠው በሩን የሚያንኳኳው ሕዝብ ነው። ሥርጭቱ በመቶ 1 ገደማ በሆነበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር በአንድ ኪት ውጤት መናገር ከዚህ የተነሳ ነውር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 በሦስት ተከታታይ ሪአክቲቭ ምርመራዎች ካልተረጋገጠ ፖዘቲቭ አትበሉ ያለው ለዚህ ነው።

ጥንዶች ሲመጡ ሌላ ፈተና አለ። አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጌቲቭ ሲሆን ብዙው ሰው አያምንም። "አንድ አልጋ እየተኛን እንዴት?" ይላል፤ አንዱ ውጤት ስህተት ነው፣ ወይም ኔጌቲቩ "ደሙ ጠንካራ ነው" ይባላል። ይህ እምነት ሰው ይገድላል፤ ደሜ ጠንካራ ነው ያለው ኮንዶም ይተዋልና። ምክሩ ግን ይሠራል። በጎረቤት ሩዋንዳ ኪጋሊ ውስጥ 53 እንዲህ ያሉ ጥንዶች አብረው ተመርምረው ምክር ሲያገኙ፣ የኮንዶም ተጠቃሚነታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 4 ወደ 57 ደረሰ። በናይሮቢ፣ በዳሬሰላምና በፖርት ኦፍ ስፔን የተካሄደው በ2000 የታተመ ትልቅ ጥናትም ምክርና ምርመራ ያገኙ ወንዶች ከቋሚ ጓደኛቸው ውጭ ያለ ኮንዶም የሚፈጽሙት ግንኙነት በመቶ 35 ሲቀንስ፣ ትምህርት ብቻ የተሰጣቸው በመቶ 13 ብቻ እንደቀነሱ አሳይቷል።

ኤ.አይ.ሲ. ከምርመራ በኋላ ለሚመጡ ሰዎች ያቋቋመው ክበብ ብዙ ጊዜ የማይወሳ ግን ብልህ ሥራ ነው። ክበቡ የፖዘቲቮች ማኅበር አልነበረም፤ የተመረመረ ሁሉ፣ ነፃ የሆነውም ጭምር አባል ይሆናል። በዚህ የተነሳ ወደ ክበቡ ሲገባ የታየ ሰው ስለ ውጤቱ ምንም አልተናገረም። ኔጌቲቮቹም በጊዜው ተመልሰው እንዲመረመሩ የሚያስታውስ ጓደኛ አገኙ። እንደ ክበቡ ያለ ነገር ለማቋቋም የሚያስብ ሰው የአባልነቱን ደንብ ከስብሰባው አጀንዳ አስቀድሞ ይጻፍ።

ከዚያ መድኃኒቱ መጣ። በ1999 በዚያው ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል የተሠራው ጥናት ምጥ ላይ ላለች እናት አንድ 200 ሚሊ ግራም ኔቪራፒን፣ ለሕፃኑ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም መስጠት ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ከ2004 ጀምሮ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ጀመረ፤ ኢትዮጵያ በዓመቱ ተከተለች። ያን ጊዜ፣ ቀድሞ በ1990 ሰዉን ወደ ማዕከሉ የሳበው በስም ፈንታ የሚሰጠው ቁጥር እንቅፋት ሆነ። የመድኃኒት ክሊኒኩ ለቁጥር ካርድ አይከፍትም፤ ስም፣ አድራሻ፣ የሚያውቀው ሰው ስልክ ይፈልጋል፣ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነውና።

ስለዚህ በአማካሪው ክፍል ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሥራ ተወለደ። ሪፈራል ወረቀት በእጅ ሰጥቶ "ሂድ" ማለት እንደማይበቃ ቶሎ ታየ፤ ብዙ ወረቀት ከኪስ አይወጣም። የሚሻለው አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ራሱ መድኃኒቱን የሚወስድ፣ ተገልጋዩን አስከትሎ እስከ ክሊኒኩ መስኮት መሄዱ ነው። እዚያም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሌላ ባለሙያ ከአዲስ ጣት አዲስ ደም ወስዶ ምርመራውን ከመጀመሪያው ኪት ይደግማል፤ ያለፈውን ውጤት ሳያይ።